ምስጢር ከነፍስ ሲበልጥ፦ በመድረክ ላይ ስለሚከሽፍ ምትሃት

አማርኛ ተናጋሪ ያየውን ነገር ሲመሰክር «ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምላል። ዓይን የመጨረሻው ዳኛ ነውና ከዚህ የጠነከረ መሐላ ብዙ አይገኝም። የምትሃት ትርኢት ይህን ዳኛ ከወንበሩ የሚያስነሣ ጥበብ ነው። ተመልካች የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ሲገባ ዓይኑ እንዲታለል ፈቅዷል፤ ምትሃተኛውም በበኩሉ ማታለሉ ማንንም እንደማይጎዳ ሳይናገር ቃል ገብቷል። ትርኢቱ ሲከሽፍ የሚፈርሰው ይህ ውል ነው። ስለዚህም የከሸፈ ምትሃት፣ ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን ከመርሳቱ የተለየ ሂስ ይገባዋል።

በጅቡቲ ከተማ ይህ ውል ከቋንቋ ይጀምራል። ፈረንሳይኛው «ፕረስቲዲጂታሲዮን» ሲል የጣትን ቅልጥፍና ብቻ ያመለክታል፤ ጥበቡን ከእጅ ሥራ አያሳልፈውም። ዓረብኛው «ሲሕር»፣ ከእርሱም የተወረሰው የሶማልኛ ቃል፣ ጥንቆላንና ጨዋታን በአንድ ስም ይጠራሉ። አማርኛው «አስማት» ደግሞ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ሲሆን፣ የሚደገሙትን ስውር ስሞች ያስታውሳል። እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ከተቀመጡት አንዱ ፈጣን ጣት ሲያይ ሌላው ጋኔን የሚጠራ ሰው ሊያይ ይችላል። በእንዲህ ያለ ከተማ ትርኢት የሚያቀርብ ሰው የሚያሳየው ነገር ጨዋታ መሆኑን አስቀድሞ የመግለጽ ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ አልጄሪያ መመለስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ስመ ጥሩውን ምትሃተኛ ዣን ኤዤን ሮቤር ኡደንን ወደ አልጀርስ ላከው። ዓላማውም የአገሬው ሕዝብ የሚያከብራቸውን ማራቡቶች በፈረንሳይ «ኃይል» ማሳነስ ነበር። በመድረኩ ላይ የቀረበችው ትንሽ ሣጥን ከሥሯ ብረት ነበራት፤ ከወለሉ በታች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተሰውሮ ነበር። ቀድሞ በቀላሉ ያነሣት ጉልበተኛ፣ ማግኔቱ ሥራ ሲጀምር ሊያንቀሳቅሳት ተሳነው፤ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ንዝረት መታው። ኋላም አንድ ወጣት በትልቅ ክዳን ተሸፍኖ ሲሰወር፣ ታዳሚው በድንጋጤ ወደ በሩ ጎረፈ። ይህን የሚተርከው ሮቤር ኡደን ራሱ ነውና የቅኝ ገዢው ኩራት መኖሩን እያሰቡ ማንበብ ያሻል። የሆነ ሆኖ፣ በእርሱ አተራረክ እንኳ ቢሆን፣ እጁ አልሳተም፤ መሣሪያውም አልከዳውም። የከሸፈው ውሉ ነው። ለጨዋታ የገባው ሰው ፈርቶ ከወጣ፣ ያ ትርኢት በሥራው ሠምሮ በኪነ ጥበብነቱ ወድቋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ውድቀት ይበልጥ ያሳዝናል። ቶሚ ኩፐር በካይሮ ወታደር ሳለ የለመደውን ቀይ ታርቡሽ ደፍቶ፣ ምትሃቱን ሆን ብሎ እያበላሸ የሚያስቅ ብሪታንያዊ ነበር። ሚያዝያ ወር 1984 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ትርኢት ላይ ሳለ ልቡ ከዳውና መጋረጃውን ተደግፎ ወደቀ። ሕዝቡ ሣቀ። የሣቁት ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም። ውድቀት የኩፐር ቀልድ መሆኑን ለዓመታት ያስተማራቸው እርሱ ራሱ ነበር፤ እነርሱም ትምህርቱን በሚገባ ተቀብለዋል። በአልጀርስ ጨዋታው እውነት መስሎ ታየ፤ በለንደን እውነቱ ጨዋታ መሰለ። በሁለቱም ቦታ ተመልካቹን «አሁን ጨዋታው አብቅቷል» የሚለው ሰው በጊዜው አልተገኘም።

የኩፐር ሞት የሕመም ጉዳይ ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። ሂስ ሊከብድ የሚገባው አደጋው አስቀድሞ ከመድረኩ በስተኋላ ሲዘጋጅ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ዉድ ግሪን ኢምፓየር ቴአትር፣ ቹንግ ሊንግ ሱ የተባለው ምትሃተኛ የተተኮሰ ጥይት በእጁ ሊቀልብ ቆመ። ጠመንጃው ከአፈሙዙ የሚጎርስ ሲሆን ምስጢሩም ቀላል ነበር። እሳቱ ጥይቱ ወዳለበት ዋና አፈሙዝ አይደርስም፤ የሚፈነዳው ከሥር ባለው የመጠቅጠቂያ ዘንግ መግቢያ ውስጥ የተቀመጠው ባሩድ ብቻ ነው። ጥይቱ በቦታው ይቀራል፤ ምትሃተኛው በዘዴ የለወጠውን ሌላ ጥይት «ቀለብኩት» ብሎ ያሳያል። ከትርኢቱ በኋላ ግን ጠመንጃውን ተኩሶ ባዶ ከማድረግ ይልቅ የኋላ ብሎኑን እየፈታ ጥይቱንና ባሩዱን ያወጣ ነበር። በዘመናት ብሎኑ አለቀ፤ የላመ ባሩድም በክፍተቱ ሾለከ። በዚያች ሌሊት እሳቱ ወደ ዋናው አፈሙዝ ተሻገረና ጥይቱ ደረቱን መታው። በመድረክ ላይ ቻይናዊ ሆኖ ለረጅም ዓመታት የኖረው ይህ ሰው፣ መጋረጃው እንዲወርድ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። በማግሥቱ አረፈ። ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ የኒው ዮርክ ተወላጅ ነበር።

ይህን ሞት «ዕድል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያን ጠመንጃ አንድ የጦር መሣሪያ ባለሙያ በየጊዜው ቢመረምረው የብሎኑ ማለቅ ሳይታይ ባልቀረም ነበር። ለባለሙያ ማሳየት ግን ምስጢሩን ማካፈል ነው። ከሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 1911 እ.ኤ.አ.፣ በኤደንብራ የደረሰውም ከዚሁ ይመደባል። «ታላቁ ላፋየት» በሚል ስም የታወቀው ምትሃተኛ ትርኢቱን ሲያሳይ ከመብራት የተነሣ እሳት መድረኩን ያዘው። የምስጢሩን ጠላቂ ዓይን በመፍራት የመድረኩን የጎን በር አስቆልፎ እንደነበር ይነገራል። እርሱና ከመድረኩ በስተኋላ የነበሩ በርካታ ባልደረቦቹ አለቁ። አስቀድሞ የእርሱ ነው ተብሎ የተነሣው አስከሬን እንኳ በመድረክ ላይ እርሱን መስሎ የሚጫወተው ምትኩ ሆኖ ተገኘ። ማታለሉ ከባለቤቱ ሞት በኋላም ለቀናት ቀጠለ ማለት ነው።

ከዚያው ሌሊት ግን መልካም ትምህርትም ይቀራል። በአዳራሹ የነበሩት 3,000 ያህል ሰዎች እሳቱን የትርኢቱ ክፍል አድርገው ቁጭ ብለው ነበር። የእሳት መከላከያው መጋረጃ ሲወርድና የሙዚቃ ጓዱ የንጉሡን መዝሙር ሲመታ፣ ሁሉም ትርኢቱ ማብቃቱን ተረድቶ በሥርዓት ወጣ። ተመልካቹን ያዳነው ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ነው።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ ሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. በህንድ ኮልካታ ቻንቻል ላሂሪ የተባለ ምትሃተኛ በሰንሰለት ታስሮ በሁግሊ ወንዝ ውስጥ እንደ ገባ አልወጣም። በዳር ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ መዘግየቱ የትርኢቱ ብልሃት ይሁን ሞት በምን ሊለየው ይችል ነበር?

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ፣ ከተማዋ ለምስጢር የምትመች አይደለችም። ጣሪያም ግድግዳም በሌለበት መድረክ ላይ ነፋሱ ጭሱን ይበትነዋል፤ ከጎን የተቀመጠ ተመልካች መስተዋቱን ያየዋል፤ የባሕሩ ርጥበት የመጫወቻ ካርታውን ያለሰልሰዋል፤ ላብ ሳንቲሙን ከጣት ያሾልከዋል። እዚህ የሚጫወት ሰው መጋለጡ አይቀርም። ይህ ግን እንደ ጉድለት ሊቆጠርበት አይገባም። ካርታው ከእጁ ሲወድቅ ሕዝቡ ይሥቅና እርሱም አብሮ ሥቆ ሌላ ጨዋታ ያሳያል። የተጋለጠ ምስጢር የሚያስከፍለው ይህችን ሣቅ ብቻ ነው፤ ከነፍስ በላይ የተጠበቀው ምስጢር ምን እንዳስከፈለ ግን የለንደንና የኤደንብራ መድረኮች ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ተቺ አንድን የምትሃት ትርኢት ሲመዝን «አታለለን ወይ?» ከማለቱ አስቀድሞ ሌሎች ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። በሮቹ ክፍት ናቸውን? መሣሪያውን ከባለቤቱ ሌላ የመረመረው ሰው አለን? ጨዋታው ሲቋረጥ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛም ሆነ አማርኛ የሚናገረው ተመልካች ሁሉ የሚረዳው ምልክት ተዘጋጅቷልን? ለእነዚህ መልስ ያለው ምትሃተኛ ርግቧ ከእጀ ጠባቡ ውስጥ ቀድማ ብትበርበትም ውሉን አላፈረሰም። መልስ የሌለው ግን፣ ትርኢቱ ሳይከሽፍ በጭብጨባ ቢያልቅም እንኳ፣ ሊመሰገን አይገባውም።