ሰማይን በጥርስ መቁጠር

የመዘውር ጥርስ ግማሽ የለውም። 59 ይሆናል፣ 60 ይሆናል፤ በመካከል ሌላ ነገር የለም። ጨረቃ ግን ከአንዱ ሠርቅ እስከ ቀጣዩ ድረስ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በላዩ ላይ ሦስት ሴኮንድ ያህል አለበት። ፀሐይም ዓመቷን በ365 ቀን ልክ አትጨርስም። የሰማይን ጉዞ በሰዓት ፊት ላይ ለማሳየት የሞከረ ሁሉ፣ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ፣ ሲታገል የኖረው ከዚህ ጋር ነው።

እኔ ጄኔቭ ውስጥ የቆዩ የእጅና የኪስ ሰዓቶችን እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚያርፉት መካከል ቀኑን፣ ወሩን፣ የጨረቃን ሙላትና ጉድለት፣ አልፎ አልፎም የከዋክብትን ካርታ የሚያሳዩ አሉ። ሰዓትና ደቂቃ ከመቁጠር ያለፈውን ማንኛውንም ተጨማሪ ሥራ እኛ «ኮምፕሊኬሽን» እንለዋለን። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግረኝ ሰዓቱ ስንት ኮምፕሊኬሽን እንዳለው ነው። እኔ ክዳኑን ስከፍት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ሠሪው የትኛውን ስሕተት መርጦ ተቀበለ? ስሕተት የሌለበት የሰማይ ሰዓት እስካሁን አልተሠራም፣ ወደፊትም አይሠራም። የሠሪው ብልሃት የሚታወቀው ስሕተቱን የት እንዳስቀመጠውና ለዚያ ስንት ቁራጭ ብረት እንደፈጀ ሲታይ ነው።

ከተለመደው ልጀምር። የጨረቃዋ ሳህን ሁለት የወርቅ ጨረቃ የተሳለባት፣ ዙሪያዋን 59 ጥርስ ያላት ቀጭን ክብ ናት። በቀን አንዴ አንዲት ጣት መሳይ ብረት መጥታ አንድ ጥርስ ትገፋታለች። በ59 ቀን ሁለቱም ጨረቃዎች በመስኮቱ ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 29 ቀን ተኩል ደረሳቸው ማለት ነው። የቀረችው 44 ደቂቃ የትም አልተቆጠረችም። ተጠራቅማ በ2 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች፤ ያኔ ባለቤቱ በሰዓቱ ጎን ያለችውን ትንሽ መግፊያ አንዴ ጫን ያደርጋታል፣ አለቀ።

ይህችን ሳህን በወረንጦ ይዤ ቦታዋ ስመልሳት የምጠብቀው ድምፅ አለ። ጥርሷን የሚይዘው ቀጭን ሞላ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲወርድ ጠቅ ማለት አለበት። ሞላው ከላላ ጨረቃዋ በሁለት ቀን መካከል ተንጠልጥላ ትቀራለች። ከጠበቀ ደግሞ የምትገፋው ጣት የማሽኑን ጉልበት ትበላለች፤ ቀን ሙሉ ደኅና ሲሄድ የዋለ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይደክማል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የሞላውን ጫፍ በደቃቅ ሞረድ ዳበስ፣ ዳበስ ማድረግ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚዳበስ የሚነግር መጽሐፍ አላየሁም።

የተሻለ የሚፈልግ ሠሪ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ቀን በቀን አንድ እርምጃ የሚሄድ ባለ 7 ጥርስ ኮከብ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ባለ 16 ጥርስ ትንሽ መዘውር፣ እርሱ የሚነዳው ባለ 135 ጥርስ የጨረቃ መዘውር። 7 በ135 ተባዝቶ ለ16 ሲካፈል 59.0625 ቀን ይመጣል፤ ይህ ለሁለት ጨረቃ ነው። የአንዷ ስሕተት ከ44 ደቂቃ ወደ 57 ሴኮንድ ወረደ ማለት ነው፤ አንድ ቀን ለመሳት 122 ዓመት ያስፈልጋታል። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይህ ነው። የጀርመኑ ላንገ ኡንድ ዞነ 1,058 ዓመት አድርሶታል። ደስ ይላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዓቶች አብዛኞቹ አንዴ ከተሞሉ የሚሄዱት ለሁለትና ለሦስት ቀን ነው። ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከቶት ለሳምንት ከረሳው የሺህ ዓመቷም ጨረቃ ቆማ ታገኘዋለች።

በዚህ ቁጥር ብዙም የማልደነቅበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወንበርና አበቅቴ የሚባሉት ቁጥሮች የሚወጡት ከ19 ዓመት ዑደት ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጨረቃ ትሠርቃለች። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ብንይዝ 19 ዓመት 6,939.75 ቀን ነው፤ 235 ጨረቃ ደግሞ 6,939.69 ቀን ያህል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ አንድ ቀን እስኪሆን ከ300 ዓመት በላይ ይፈጃል። በብዕርና በቃል የሚሰላው ጨረቃ፣ በወርቅ ከተለበጠው ባለ 135 ጥርስ ጨረቃ ከእጥፍ በላይ ይታመናል ማለት ነው። ዑደቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአቴናው ሜቶን ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1901 ከግሪክ ባሕር ወለል የወጣውና ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የአንቲኪቴራ መሣሪያም አንዱ ፊቱ እነዚህን 235 ወራት ይቆጥራል። ከእርሱ የተረፉት የነሐስ መዘውሮች 30 ብቻ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ማዕከላቸው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በፒንና በስንጥቅ ተያይዘዋል፤ ጨረቃ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት የምትለውን እንኳ እንዲያሳዩ ነው። ዛሬ በመቶ ሺዎች ፍራንክ የሚሸጡ ሰዓቶች አብዛኞቹ ይህን አይሞክሩትም።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። «ዘላለማዊ» በሚባለው ካላንደር ልብ ውስጥ በአራት ዓመት አንዴ የምትዞር ክብ ሳህን አለች፤ ጠርዟ ለ48 ወራት ተከፍሏል። 31 ቀን ያላቸው ወራት ላይ ጠርዙ ሙሉ ነው። ባለ 30ዎቹ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ሦስቱ የካቲቶች፣ የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፣ ጥልቅ ናቸው፤ አራተኛው ባለ 29 ቀኑ ከእነርሱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ያለ ማጉያ መነጽር መለየት ያስቸግራል። አንድ ረጅም ማንሻ አፍንጫውን በዚህ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ይኖራል። ወሩ ሲያልቅ አፍንጫው በጠለቀ መጠን ማንሻው ቀኑን የሚጎትትበት እርምጃ ይረዝማል፤ ከ28 ዘልሎ 1 ላይ የሚያርፈው በዚህ ነው። ይህ ሁሉ ጉተታ የሚዘጋጀው ማታ ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሰዓቶች ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ቀኑን በመግፊያ ለማስተካከል መሞከር ጥርስ ማስቆረጥ ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ካላንደሮች ብዙዎቹ የታመሙት በዚሁ ሰዓት በተነካካ ጣት ነው።

ይህች ሳህን የማታውቀው አንድ ነገር አለ፦ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2100 ዓ.ም. የካቲቱ 28 ቀን ነው የሚኖረው። በዚያ ዓመት ከጥቂቶች በቀር በዓለም ያሉ ዘላለማዊ ካላንደሮች ሁሉ በእጅ መስተካከል አለባቸው። የእኛ አቆጣጠር ግን ለሰዓት ሠሪ የተፈጠረ ይመስለኛል። 12ቱ ወራት እኩል ሠላሳ ናቸው፤ የምትለየው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ እርሷም በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች፣ ያለ ምንም ልዩነት። 48 ክፍል ያላት ሳህን አያስፈልግም፤ አራት እርከን ያላት አንዲት ትንሽ ኮከብ ትበቃለች፣ 2100ንም አትፈራም።

ፋሲካ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ፓቴክ ፊሊፕ 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ካሊበር 89 የተባለው የኪስ ሰዓት 33 ኮምፕሊኬሽንና 1,728 ክፍሎች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ የምዕራባውያንን ፋሲካ ቀን ያሳያል። እንዴት? ቀኖቹ አስቀድመው ተሰልተው በአንዲት ሳህን ጠርዝ ላይ ተቀርጸዋል፤ የበቃችው እስከ 2017 ነው። ሠሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። የጎርጎርዮስ ፋሲካ ተመልሶ በዚያው ቅደም ተከተል የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው፤ ያንን በኪስ ሰዓት ውስጥ ማስላት ከባድ ነው። በእውነት በመዘውር ያሰላው ሽቪልጌ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከ1838 እስከ 1843 በሠራው በስትራስቡርግ ካቴድራል ሰዓት ውስጥ። ግን እርሱ ግድግዳ የሚያህል ቦታ ነበረው። በባሕረ ሐሳብ የሚሰላው ፋሲካ በ532 ዓመት ይደገማል፦ 19 በ28 ሲባዛ። ባለ 19 ጥርስና ባለ 28 ጥርስ መዘውር ነው የምላችሁ። እረፍት ሲኖረኝ በወረቀት ላይ እሞክረዋለሁ።

የቁጥሩ ውድድር ግን አላቆመም። ሄንሪ ግሬቭስ ለተባለ ደንበኛ በ1933 ተሠርቶ የተሰጠው፣ የኒው ዮርክን የሌሊት ሰማይ የሚያሳየው የፓቴክ ሰዓት 24 ነበረው። ቫሸሮን ኮንስታንታን በ2015 57 አደረሰው፤ በውስጡ ያለው የዕብራውያን ካላንደርም የሚሄደው በዚያው በ19 ዓመት ዑደት ነው። በ2024 ራሱ ቫሸሮን 63 አለ፣ የቻይናን ካላንደር ጨምሮ። እነዚህን የሠሩትን እጆች አከብራለሁ፤ ያደርኩበት ሥራ ስለሆነ ድካሙን አውቀዋለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለ ሰዓት አንድ ቦታ ሲታመም ወደ ሕመሙ ለመድረስ ጤነኛውን ሁሉ ማፍረስ ግድ ነው።

እኔ የማስቀድመው ሉድቪግ ኦክስሊንን ነው። የጥንት ታሪክና አርኪዮሎጂ የተማረ ሰው ነው፤ ቫቲካን ውስጥ የፋርኔዜን የሥነ ፈለክ ሰዓት ሲያድስ ከርሟል። ለዩሊስ ናርዲን የሰዓት ፋብሪካ በ1985፣ በ1988 እና በ1992 በጋሊሌዮ፣ በኮፐርኒከስና በኬፕለር ስም የተጠሩ ሦስት የሰማይ የእጅ ሰዓቶችን ነደፈ። እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1996 ያወጣው ዘላለማዊ ካላንደር ማንሻና ጎድጓዳ ሳህኑን ትቶ በመዘውር የሚሄድ ስለሆነ፣ በአንዲት መሙያ ብቻ ወደፊትም ወደኋላም ይዞራል። ከእርሱ በፊት ኩርት ክላውስ ለአይ ደብሊው ሲ በ1985 የሠራው ግሩም ካላንደርም በአንዲት መሙያ ይስተካከላል፤ ግን ወደፊት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ካሳለፋችሁ ሰዓቱን አቁማችሁ ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ኦክስሊን በኋላ ኦክስ ኡንድ ዩንየር በተባለው ትንሽ ድርጅቱ አምስት ክፍል ብቻ ያላት ጨረቃ ሠራ፤ አንድ ቀን የምትስተው በ3,478 ዓመት ነው። ከላንገው ሦስት እጥፍ ትበልጣለች፣ ቁራጮቿም በአንድ መዳፍ ላይ ይቆጠራሉ።

እንዲህ ያለ ሰዓት የመግዛት ዕድል ከገጠማችሁ፣ ወይም ከአባት ከአያት ከደረሳችሁ፣ ስንት ኮምፕሊኬሽን እንዳለው መጠየቁን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ቀኑ ወደኋላ ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ። አይመለስም ካሏችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አትንኩት።