94 በመቶው ምን ይነግረናል?

የፕሮቲንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማጥናት መጀመሪያ ፕሮቲኑ ክሪስታል መሥራት አለበት። የትኛው የኬሚካል ቅልቅል እንደሚስማማው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሮቦቶች በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጠብታዎችን ያዘጋጃሉ፤ ካሜራ በየጊዜው ፎቶ ያነሳል። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ ምስል ያያል። ዓይን ያፈዛል!

ማርኮ የተባለው ፕሮጀክት ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ለመስጠት የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፕሎስ ዋን መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከ5 ተቋማት በተሰበሰቡ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ምስሎች ኮምፒውተሩን አሠለጠነ። እያንዳንዱን ጠብታ ክሪስታል፣ ዝቃጭ፣ ጥርት ያለ ወይም ሌላ ብሎ ይለያል። ከመፈተኛ ምስሎቹም ከ94 በመቶ በላይ በትክክል ለየ። መረጃውን ለሁሉም ክፍት ማድረጋቸው ደግሞ ይበል የሚያሰኝ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሰው 94ን ብቻ ይዞ መሮጡ ነው። እስቲ አስቡት፦ ከ1000 ጠብታ ክሪስታል ያለባቸው 20 ብቻ ናቸው እንበል። ምንም ሳያይ ሁሉንም «ክሪስታል የለም» የሚል ፕሮግራም 98 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ግን ምን ሊረባ! መጠየቅ ያለበት ከእውነተኞቹ ክሪስታሎች ስንቱ አመለጠው ነው። ያ ያመለጠው አንድ ጠብታ የአንድ ተማሪ የወራት ድካም ሊሆን ይችላል። (ጥናቱ ውጤቱን በየምድቡ ከፋፍሎ አስቀምጧል፤ ጥፋቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው።)

ሌላው ችግር ግን ይብሳል። ከ4ቱ ምድቦች ውስጥ «ጨው» የሚል የለም። ጠብታው ውስጥ ያለው ጨውም እኮ ክሪስታል ይሠራል፤ ያውም አንዳንዴ ከፕሮቲኑ ይልቅ የሚያምር፣ ጠርዙ የተሳለ። በፎቶ ብቻ ባለሙያም ይሸወዳል። ላብራቶሪ ውስጥ ግን መላ አለ። የፕሮቲን ክሪስታል ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ በቀጭን መርፌ ሲነኩት በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ጨው ይጠነክራል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ቀለምም በዚያው ውሃ በሞላው ክፍተት ሰርጎ የፕሮቲኑን ክሪስታል ሰማያዊ ያደርገዋል። የጨው ክሪስታል ቀለሙን አያስገባም።

የዚህን ውሃ ነገር ጆን ዴዝሞንድ በርናልና ዶሮቲ ክሮውፉት በ1934 አሳይተውናል። የፔፕሲን ክሪስታል ከነፈሳሹ ሲታይ ጥሩ የኤክስሬይ ምስል ሰጣቸው፤ ሲደርቅ ግን ምስሉ ይጠፋል። ክሪስታል መምሰልና ለኤክስሬይ መሥራት ለየቅል ናቸው።

የማርኮን ምስሎች ግን የሰየመው በዋናነት የሰው ዓይን ነው። ኮምፒውተሩ የተማረው ለሰው ክሪስታል የሚመስለውን ነው። ስያሜው ከኤክስሬዩ ውጤት ቢወሰድ ኖሮ ግማሽ ሚሊዮን ምስል አይገኝም ነበር፤ እኔ ግን ጥቂት ሺህም ቢሆን ያንን እመርጣለሁ።