የቅጠሉ ተመራማሪ
ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ በርጫ ስትቀመጥ፣ የጠወለገ ጫት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቃሚው ከአያቶቹ የወረሰውን ይህን ጥንቃቄ ሳይንስ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ አነቃቂውን ንጥረ ነገር ካቲኖንን ከትኩስ ቅጠል ለየ፤ ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል።

ቀጥሎ የመጡት የጄኔቫው ፒተር ካሊክስ ጥናቶች ናቸው። እኔ የማደንቀው ጽናቱን ነው፤ በ1980ዎቹ ደጋግሞ ወደዚሁ ቅጠል ተመለሰ፤ ለዚያውም የአውሮፓ ሐኪም እምብዛም ስለማያውቀው ቅጠል! ካቲኖን ልክ እንደ አነቃቂው መድኃኒት አምፌታሚን ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንደሚያስለቅቅ በጥንቸል አንጎል ሕብረ ሕዋስ አሳየ። ምርቃናውንም ሆነ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣውን ድብርት ለማስረዳት የሚሞክር ሁሉ ዛሬም የሚነሳው ከዚያ ነው።