ከቃል ወደ ምስል፤ የፊልም ጽሑፍና ዝግጅት ትምህርት ከአታት ሲታይ

1. መግቢያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ወደ ፊልም ትምህርት ሲሻገር ባዶ እጁን አይሄድም። ሴራን፣ ግጭትን፣ ገጸ ባሕርይንና መቼትን ከልብ ወለድና ከተውኔት ያውቃቸዋል። ይዞት ከሚሄደው ስንቅ መካከል ግን አንዱ፣ ማለትም ምልልስ፣ ረዳትም እንቅፋትም ይሆንበታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊልም ጽሑፍና የዝግጅት ተማሪ እንደመሆኑ፣ ዓላማው ይህን እንቅፋት መመርመር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ በፊልም ውስጥ ንግግር ቦታ የሚያገኘው ራሱ ድርጊት ሲሆን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚሸከመው ምስል ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ አንድን ቦታ ከነኑሮው ማጥናት ያስፈልጋል። ሐሳቡ በመጀመሪያ በተሠሩ ፊልሞች፣ ቀጥሎም በጉራጌ ምድር በአታት ሊሠራ በሚችል አንድ ፊልም ይፈተሻል።

2. የምልልስ ውርስ

የአማርኛ ድራማ ያደገው በመድረክና በሬዲዮ ነው። በመድረክ ላይ የተዋናዩ ፊት ከኋላ ለተቀመጠው ተመልካች ስለማይታይ ኀዘኑ በድምፅ መነገር አለበት። በሬዲዮ ደግሞ ገጸ ባሕርይው «ዝናቡ በረታ፣ እዚህ ዛፍ ሥር እንጠለል» ካላለ አድማጩ ዝናቡንም ዛፉንም አያገኝም። ሁለቱም ከመሣሪያቸው ጠባይ የመነጩ ትክክለኛ ዘዴዎች ናቸው። በፊልም ግን ዝናቡ ይታያል፤ ዛፉም ይታያል። ያው ምልልስ እዚህ ሲገባ ተመልካቹ ያየውን መልሶ ይነግረዋል።

ለዚህ መፍትሔው የሰምና ወርቅ ባህላችን እንደሆነ አንዳንዴ ይነገራል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሰምና ወርቅ አንባቢን ፈላጊ ያደርጋል፤ ፊልምም ተመልካቹ ፈላጊ እንዲሆን ይሻል። ነገር ግን የፍቺው ሥፍራ ይለያያል። በቅኔ ወርቁ የሚገኘው በኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ባንድ ቃል ሆድ ውስጥ ነው። በፊልም ፍቺው የሚገኘው በሁለት ምስሎች መካከል ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሌላ ምስል ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ በፊቱ ላይ ረኀብን፣ ኀዘንንና ሌላም ስሜት ያነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ ፊልም ሲማር መክፈት ያለበት ቃሉን ሳይሆን በምስልና በምስል መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

3. ከሦስት ፊልሞች የሚገኝ ትምህርት

የኃይሌ ገሪማ የጥናት ጉዞ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተውኔት ደራሲ ልጅ ነው፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ የተማረው ቺካጎ ላይ ትወናን ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት ተሻገረ። ምርት ሦስት ሺ ዓመት የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገሩ መጥቶ ቀረጸ፤ በ1976 ለእይታ በቃ። የፊልሙ ባላባት ከቤቱ ደጃፍ በወንበር ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ይታዘዛሉ። ሥርዓቱን በንግግር የሚያብራራ ሰው ሳያስፈልግ፣ የወንበሩ ከፍታና የእርሻው ርቀት ጉዳዩን ይናገራሉ። በአንጻሩ ብዙ የሚናገረው ከበበ የተባለው እብድ ነው። የጤነኞቹ ዝምታና የእብዱ ንግግር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስተኛ ፍቺ ይወለዳል፤ በመጨረሻም በዱላው ባላባቱን የሚገድለው ያው ተናጋሪ ነው።

የያሬድ ዘለቀ ላምብ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለው ልጅ እናቱ ሞታበት፣ አባቱም ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሄዶበታል። ኀዘኑን በረጅም ንግግር አይገልጽም፤ ያበስላል። ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል። አጎቱ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መዋሉን ይጠላል። ማብሰሉ የእናት ትዝታ፣ የገንዘብ ምንጭና የግጭት መነሻ በመሆኑ አንድ ድርጊት ሦስት ሥራ ይሠራል። የፊልም ጽሑፍ ቁጠባ የምንለው ይህን ነው።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ድፍረት (እ.ኤ.አ. 2014) ከዚህ በተለየ መንገድ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችውና ጠላፊዋን የገደለችው ሂሩት ጉዳይዋ በሽማግሌዎችም በሕግም ፊት ይታያል። እዚህ ንግግር ይበዛል፤ ቢበዛም አይከብድም። በሸንጎ የሚነገር ቃል ሰውን ስለሚያስርና ስለሚፈታ ቃሉ ራሱ ድርጊት ነውና።

4. አፈርሳታና የአታት ማቆያ

ከላይ የተገኘው መለኪያ በአንድ ቦታ ይፈተሽ። አታት ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ የሚገኝ የቸሃ አካባቢ ነው። አካባቢው ለፊልም ጸሐፊ ሁለት ተቃራኒ ርእሶችን ያቀርባል።

የመጀመሪያው በጽሑፍ የተቀመጠ ነው። የጉራጌ ተወላጁ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው የሺነጋ መንደር እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። በ1969 ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፈው አፈርሳታ የተባለው ልብ ወለድ ወጣ፤ መነሻው የአንድ ሰው ጎጆ መቃጠልና ወንጀለኛውን ለማውጣት የሕዝቡ መጠራት ነው። በዚህ ሥርዓት የሰማና ያየ ሁሉ ይናገራል፤ ምስጢሩን በጆሮ የሚያደርሰውም ሰው «ወፍ» ይባላል። ስለዚህ ይህን ልብ ወለድ ወደ ፊልም የሚመልስ ተማሪ ምልልሱን መፍራት የለበትም። ንግግሩ ድርጊት ነው። አዘጋጁ የሚጨምረው ሰው ሲናገር የሌላውን ፊት ነው፤ ማን ማንን ላለማየት አንገቱን እንዳዞረ፣ ወፉ ሲያንሾካሹክ ማን እንደሚመለከት ነው።

ሁለተኛው ርእስ ገና አልተጻፈም። በአታት እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተመሠረተ ሆስፒታል አለ። በግቢውም፣ ወሊዳቸው ያሠጋል የተባሉ የሩቅ መንደር ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚሰነብቱበት ማቆያ ተሠርቷል። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ጥናት መሠረት፣ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ወደ 90 ሲሆን፣ በማቆያው ሳያልፉ ከመጡት መካከል ከ1,300 በላይ ነበር። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ችግሩ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት ባይቻልም፣ መሰንበት ነፍስ እንደሚያድን ቁጥሩ ያስረዳል።

ለፊልም ጸሐፊ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። መማሪያ መጻሕፍት ዋና ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር ፈልጎ ይነሣ፣ መሰናክልም ይግጠመው ይላሉ። የማቆያዋ ሴት ግን ትልቁ ድርጊቷ አለመሄድ ነው። ልጆቿ፣ ከብቷና እንሰቷ እቤት ቀርተዋል፤ እግሯ ወደዚያ ይጎትታታል፤ እሷ ግን ትቀመጣለች። ከመድረክ የመጣ ልማድ «ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ልጆቼም ናፈቁኝ» ያሰኛታል። ይህ ንግግር ማንንም አያስርም፣ ማንንም አይፈታም፤ መረጃ ብቻ ነው። በምትኩ ጸሐፊው ከቤት በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የመጣውን ቆጮ ቢያሳይ፣ ጥቅሉም ከቀን ወደ ቀን ሲያንስ ብናይ ጊዜው ተቆጠረ። ቀጥሎም አንድ ማለዳ የጎረቤቷ መኝታ ባዶውን ይታይ። ወልዳ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አልተነገረንም። ከባዶው መኝታ ወደ ሴትዮዋ ፊት ስንሻገር ፍርሃቱን የምንጨምረው እኛው ነን፤ ኩሌሾቭ ያሳየው ክፍተት አታት ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ንግግር ከዚህ ፊልም ፈጽሞ ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ሴቲቱ ቸሃ ብቻ ብትናገር፣ ሐኪሙም አማርኛ ብቻ ቢያውቅ፣ መካከል ላይ የሚያስተረጉም ሰው ይቆማል። አስተርጓሚው የሚያስቀረው ቃል የሴቲቱን ዕጣ ሊለውጥ ይችላልና እዚያ ላይ ምልልስ ድርጊት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ አማርኛ ማናገር ለጸሐፊው ይቀለዋል፤ ነገር ግን ያካባቢውን እውነተኛ ድራማ ከሥሩ ይነቅለዋል።

5. የአዘጋጁ መቆሚያ

የዝግጅት ትምህርት ዋና ጥያቄ ካሜራው የት ይቁም የሚለው ነው። ለዚህም ቦታው መልስ አለው። የጉራጌ መንደር በጀፎረ፣ ማለትም ቤቶቹን ግራና ቀኝ አሰልፎ በሚያልፈው ሰፊ የሣር ጎዳና ይታወቃል። በጀፎረ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ እስኪደርስም ጊዜ ይወስዳል። ሾቱን ሳይቆርጥ ይህን ጊዜ የሚታገሥ አዘጋጅ ከሆስፒታሉ የሚመጣውን መልእክተኛ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ይጠብቃል። መልእክተኛው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ከአረማመዱ ወሬውን ለማንበብ እንሞክራለን። ቶሎ ቶሎ የሚቆርጥ ቅንብር ይህን ያጠፋዋል።

በማቆያው ውስጥ ግን ቅርበት ፈቃድ ይጠይቃል። በአደጋ ላይ ያለች ሴት ፊት ለምስል ማድመቂያ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ሥራው በተዋንያን ቢቀረጽ፣ የእውነተኞቹ ሴቶች ልምድም በፈቃዳቸው ለጽሑፉ ምንጭ ቢሆን ይመረጣል።

6. ማጠቃለያ

ኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺ ዓመት ለእይታ ከበቃ 32 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በጤዛ የቬኒስን የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። በጤዛ የፖለቲካ ክርክር የበዛባቸው ትዕይንቶች አሉ፤ ክርክሩ ግን ጓደኛን ከጓደኛ የሚለይ፣ ሕይወትም የሚያስከፍል ነው። በአማርኛ መጻፍና በፊልም መጻፍ የሚጣሉት ቃልን ከድርጊት ለይተን በያዝነው ጊዜ ብቻ መሆኑን ይህም ያጠናክራል። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን የፊልም ጽሑፍን እንደ አንድ የተውኔት ቅርንጫፍ ብቻ ከማስተማር አልፈው፣ ተማሪውን ወደ አንድ መንደር ልከው ያለ ምልልስ አሥር ገጽ እንዲጽፍ ቢያደርጉት ይበጃል። ከዚያ በኋላ የሚያስገባት እያንዳንዷ ቃል ምን እንደምትሠራ ተጠይቃ ትገባለች።