ፎርሙን ማን ይሙላው?

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሳምንት ሲደርስ ቂርቆስ አካባቢ ያሉ ኢንተርኔት ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም። ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። ልጁ ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። አባት መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ «ደብረ ታቦርን ከወልድያ በፊት ላድርገው?» ይላል፤ መልሱን የሚሰጠው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው።

እኔ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያመለክቱ ልጆችን አግዛለሁ፤ የአገር ውስጡን ምርጫ፣ የውጭውን ስኮላርሺፕ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን፣ የገንዘብ ቅጹን። ስለ ማጭበርበር ሲወራ ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው የፈተና አዳራሹ ነው፦ ተደብቆ የገባ ስልክ፣ የተሸጠ መልስ፣ በ2008 ቀድሞ ወጥቶ የተሰረዘው ማትሪክ። እኔ ጋ የሚመጣው ውሸት ሌላ ዓይነት ነው። በእርዳታ ስም ይገባል፤ የሚያስገባውም ልጁን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ስለዚህ ክፉና ደግ እያልኩ ከመስበክ አንዲት መለኪያ ብቻ ይዣለሁ። ልጁ ብቻውን ሲሆን፣ ማንም ከጎኑ ሳይኖር፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሊያስረዳ ይችላል ወይ? ከቻለ የተደረገለት እርዳታ ነበር። ካልቻለ ሌላ ሰው አመልክቶለታል።

ልጆችን በእርግጥ ብቻቸውን ያቆማቸው 2015 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ልጆቹ ሻንጣ ይዘው ሄዱ፤ እዚያው በሉ፣ እዚያው አደሩ። የሚያውቃቸው መምህር በአጠገባቸው አልነበረም። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገሩ በቁጥሩ ሲደነግጥ መምህራን ክፍል ውስጥ ያለነው የደነገጥነው በትራንስክሪፕቶቹ ነበር። የክፍል አማካዩ 91 የሆነ ልጅ ማትሪክ ላይ 38 ሲያመጣ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚጠይቀው ልጁን አይደለም፤ እኛን ነው።

ውጤት እንዴት እንደሚያብጥ ለአስተማሪ አይነገርም። አሳይመንት 10፣ ተሳትፎ 10፣ ደብተር 5፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሠራ ሩቡ ነጥብ እጅ ገብቷል። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ «ይህን ሁሉ ከፍዬ?» የሚል ወላጅ አለ፤ የመንግሥት ከሆነ «ለምን ይህን ያህል ተማሪ ጣልክ?» የሚል ስብሰባ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚያልፉት ቁጥር ቀስ እያለ ከፍ ብሏል፤ በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ከተፈተኑት 48,929 አለፉ፣ 8.4 በመቶ። በትራንስክሪፕትና በማትሪክ መካከል ያለው ገደል ግን እንዳለ ነው።

ወላጆች ገደሉን ለመሙላት የሚያስቡት ዝቅተኛውን ወረቀት በመደበቅ ነው። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ውጭ አገር ሲያመለክቱ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የሚልከው መግለጫ አለ፤ እዚያ ላይ ብሔራዊ ፈተናው ምን እንደሆነና ከአገሩ ተማሪ ስንቱ እንዳለፈ በሁለት መስመር እጽፋለሁ። ያን ጊዜ 61 ያመጣ ልጅ፣ አሜሪካዊ አንባቢ ለመውደቅ ጥቂት የቀረው መስሎት የነበረው፣ ካለፉት ጥቂቶች ውስጥ መሆኑ ይታያል። እውነተኛው ቁጥር ዙሪያው ሲነገርለት ከተቀባው ይበልጣል፤ ይህን አንድን አባት ለማሳመን ግን ከሰዓት ሙሉ ይፈጃል።

የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ መምህሩን ሠንጠረዥ ያስሞላዋል፦ ይህ ተማሪ ከአማካይ በላይ ነው? ከክፍሉ አሥር በመቶ ውስጥ ነው? ወይስ በማስተማር ዘመንህ ሁሉ ካየሃቸው ጥቂቶች አንዱ? ልጆቹ ይህን ሠንጠረዥ ከእኔ በፊት ያውቁታል። «ቲቸር፣ የመጨረሻዋን ሳጥን ምልክት ያድርጉልኝ፤ ምን ይጎድልብዎታል?» ይጎድልብኛል። በአንድ ዓመት አሥራ አምስት ልጅ «በዘመኔ ካየኋቸው ጥቂቶች» ካልኩ፣ አሥራ ስድስተኛው በእርግጥ እንደዚያ ሲሆን የምለው አይኖረኝም። መካከለኛ ተማሪ ሲያስጽፈኝ ሠንጠረዡ ላይ መካከለኛ አድርጌ፣ ደብዳቤው ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። «ትጉህ፣ ታታሪ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያለው» የሚል ደብዳቤ ስሙ ቢቀየር ለማንም ይሆናል። መብራት በጠፋ ቀን የላቦራቶሪውን ሥራ በስልክ ባትሪ እያበራ ያስጨረሰ ልጅ ግን አንድ ነው።

ብዙ የምቆየው ለውጭ ኮሌጅ በሚጻፈው ኤሴይ ላይ ነው። ልጆቹ ፈረንጅ የሚቀበለው ያዘነለትን ልጅ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። ስለዚህ በየዓመቱ እናት አባታቸው በሕይወት ያሉ ወላጅ አልባዎች፣ ማንም አይቶት የማያውቅ የበጎ አድራጎት ማኅበር መሥራቾች፣ በኩራዝ ያጠኑ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ይመጡልኛል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ተጨምሮ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያለቅሳሉ።

በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ከእነዚህ የአንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ላለመቀየር ስትል ከዚያ እየተመላለሰች 12ኛን ተማረች። ኤሴይዋን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አባቷን ገድሎታል።

«አባትሽ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አልነበሩም እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። «ቲቸር፣ እንደዚህ ካልሆነ አያነቡትም አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም።»

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው መጠየቅ ጀመርኩ። እናቷ ካዛንቺስ ጀበና ቡና ትሸጥ ነበር። የመሥሪያ ቤት ዘበኞች፣ ሾፌሮች፣ ተላላኪዎች በዱቤ ይጠጣሉ፤ ወር ሲደርስ ይከፍላሉ። የዱቤውን ደብተር የምትይዘው እሷ ናት። ስማቸውን ለማታውቃቸው ምልክት ታወጣላቸዋለች፦ «ቀይ ሹራብ»፣ «የባንኩ ዘበኛ»፣ «ሁለት ስኳር»። ሰፈሩ ሲፈርስ ደንበኛው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ደብተሩ ከነዕዳው ገላን ጉራ ገባ። እናትየው «ጣይው» ብትላትም አልጣለችውም።

«ለምን አልጣልሽውም?»

«ሰው ሲመጣስ?»

«የመጣ አለ?»

«ሁለት ስኳር። ቁጥራችንን ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ በቴሌብር ላከልን።»

«ይሄንን ጻፊው» ስላት ፊቷ ላይ የነበረውን ቅሬታ አልረሳውም። «ይሄማ ምኑ ነው ኤሴይ?» አለች። አባቷ ሞቶ የነበረበት ወረቀት ከዚህ የሚበልጥ መስሏታል። የእኔ ሥራ ከዚህ በኋላ መጠንቀቅ ነው፤ ታሪኩ ጥሩ ስለሆነ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ እንጂ ዓረፍተ ነገር አልጽፍም፦ ስንት ብር ነበር? እናትሽ መልእክቱ ሲገባ ምን አለች? የቀሩትስ? የግሥ ስህተት አሰምርበታለሁ፤ የምታርመው እሷ ናት። አራት ጊዜ ያህል ተመላልሳ ስትጨርስ እንግሊዝኛው የትም ቦታ ላይ የእኔን አይመስልም ነበር፤ እዚህም እዚያም ይንገጫገጫል። እንዲንገጫገጭ ተውኩት። የቃለ መጠይቅ ጥሪ ሲመጣ በስክሪኑ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነውና።

የገንዘብ ቅጹ ላይ የሚዋሸው ደግሞ ያልጠበቅሁት አቅጣጫ ነበረው። ብዙ አባቶች ገቢያቸውን ይጨምሩታል። ልጃቸው ሙሉ ድጋፍ ካላገኘ እንደማይማር እያወቁ ጡረታቸውን ሦስት እጥፍ አድርገው ይጽፋሉ፤ «የድሃ ልጅ አድርገው እንዳያዩብኝ» ይላሉ። ኮሌጁ የተጻፈውን አምኖ «እንግዲያውስ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ» ሲል ያን ጊዜ ወደ እኔ ይሮጣሉ። ሌሎቹ ያከራዩትን ክፍል ይረሳሉ። በመካከል ደግሞ ማንም ሳይዋሽ ውሸት የሚመስል ነገር አለ፦ እቁብ። ዓመቱን ሙሉ ባዶ በሚባል ሂሳብ ላይ በአንድ ወር ድንገት 200 ሺህ ብር ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የለም። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያይ የተበደሩት ብር ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ለቪዛ ሲባል ለአንድ ሳምንት ብር ተበድሮ የባንክ ስቴትመንት ማሳመር እዚህ ከተማ ውስጥ የታወቀ ነገር ስለሆነ ቢጠረጥርም አልፈርድበትም። ቅጹ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚገለጽበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ እቁቡ ስንት አባል እንዳለው፣ በየወሩ ስንት እንደሚጣልና ዕጣው መቼ እንደወጣ በአምስት መስመር ይጻፋል። የእናት የቡና ገቢም እንዲሁ፦ በቀን ስንት ስኒ፣ በስኒ ስንት ብር፣ ጾም ላይ ስንት። ደረሰኝ የሌለው ገቢ ስሌቱ ከታየ ይታመናል።

ይህ ሁሉ የድህነት ጣጣ ነው የሚለኝ ሰው ሲኖር በ2011 አሜሪካ ውስጥ የፈነዳውን ጉዳይ አነሳበታለሁ። ሪክ ሲንገር የሚባል አማካሪ ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ የፈተና መልስ ያሳርም፣ ስፖርት ሠርተው የማያውቁ ልጆችን ስፖርተኛ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ተዋናይቷ ፌሊሲቲ ሃፍማን ለልጇ ውጤት ማሳረሚያ 15,000 ዶላር ከፍላ 14 ቀን እስር ተፈርዶባታል። ያቺ ልጅ የጎደላት ነገር አልነበረም። የእናቷ ፍርሃት ነው ያስከፈለው።

ፍርሃት ካነሳን፣ እኔን የሚከብደኝ የአገር ውስጡ ምደባ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትና በምርጫ ይመድባል። ከባድ የጤና ችግር ላለባቸው፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለመንትዮች ምደባቸው በልዩ ሁኔታ የሚታይበት በር አለ። አንዲት እናት ልጃቸው እዚሁ አዲስ አበባ እንዲመደብላቸው ክላሰር ይዘው መጡ። ውስጡ የሕክምና ማስረጃ አለ፦ ሥር የሰደደ አስም።

«እትዬ፣ ልጁ አስም አለበት እንዴ?» አልኳቸው። ልጁ የትምህርት ቤቱ ቡድን የቀኝ ክንፍ ነው።

«አባቱ ነበረበት። እሱም ሲያድግ አይቀርለትም።»

ከእኔ የፈለጉት በሕመም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይቀራል የሚል ደብዳቤ ነበር። አልችልም አልኳቸው። በዚያ በር ላይ ዲያሊሲስ የምታደርግ ልጅና ጡት የምታጠባ እናት ቆመዋል አልኩ። ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «መንገድ ላይ ሲታፈን የሚጠየቀውን ብር እርስዎ ይከፍሉልኛል?» አሉ።

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በ2012 የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተዋል። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ተወስደዋል። እንዲህ ያለ ነገር ለሰማች እናት ስለ ሐቀኝነት መስበክ ቀላል ነው፤ ልጁ የእኔ አይደለማ። መልስ አልነበረኝም፤ ያለኝ ሥራ ነበር። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ይፈተን። ኮተቤ አለ። ከፍሎ መማርም አለ፤ ግን የግል ኮሌጅ ተማሪም ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ ጥሩውን መምረጥ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነም የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ሳይሆን መንገዱን እያየን፣ አውሮፕላን የሚደርስበትን እየለየን ምርጫውን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ አልኩ። እናትየው እስክሪብቶ አወጡ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ለልጁ ሰጠሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሦስታችን ተቀምጠን እሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። «አርባ ምንጭ» አለ። ለምን ብንለው የመስኖ ምህንድስና መማር እንደሚፈልግ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንደነበረ ነገረን። እናቱ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። የአዲስ አበባውን ፈተና ተፈተነ፤ አልሆነለትም። አርባ ምንጭ ደረሰው።

የሕክምና ማስረጃ አቅርበው እዚሁ የቀሩ የክፍል ጓደኞች አሉት፤ እናቱም በስም ያውቋቸዋል። ባለፈው ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ልጁ ሁለተኛ ዓመት መግባቱንና ውጤቱ ጥሩ መሆኑን ነገሩኝ። «ለእረፍት ይመጣል ማለት ነው» አልኩ። «ይመጣል» አሉ፤ «መንገድ በወጣ ቁጥር እንቅልፍ የማጣው ግን እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም»፤ ተራቸው ደርሶ ታክሲው ውስጥ ገቡ።