ሕግ በማን ቁና ይሰፈር?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ብሂል የተነገረው ለሰው ነው። ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ግን ሕግም ወደ ቁናው ገብቷል። አንቀጾች ወደ አኃዝ ተለውጠው፣ አገሮች በነጥብ ተደርድረው፣ የአንዱ ሕግ ብርቱ፣ የሌላው ደካማ ተብሎ በሰንጠረዥ ይቀርባል። የዚህ ጥናት ዓላማ የሚነቀፍ አይደለም። የሕግን አካሄድ በግምት ከመተረክ ይልቅ ቆጥሮ ማሳየት ለዕውቀትም ለክርክርም ይበጃል። መጠየቅ ያለበት ግን ቁናው ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያፈስ ነው። ለዚህ ደግሞ ሕጉ ሲገለባበጥ ከኖረው ከአፍሪካ ቀንድ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

የመንገዱ ጠራጊ ራፋኤል ላ ፖርታ፣ ፍሎሬንሲዮ ሎፔዝ ደ ሲላኔስ፣ አንድሬ ሽላይፈርና ሮበርት ቪሽኒ የተባሉ አራት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 «ሕግና ፋይናንስ» በሚል ርዕስ ያሳተሙት ጥናት ነው። ጸሐፊዎቹ 49 አገሮችን በአራት የሕግ ቤተሰቦች ከፈሉ፤ 18ቱን ከእንግሊዝ፣ 21ዱን ከፈረንሳይ፣ 6ቱን ከጀርመን፣ 4ቱን ከስካንዲኔቪያ አዛመዱ። ከዚያም የየአገሩ ሕግ ለባለአክሲዮኖች የሚሰጠውን ጥበቃ ከ0 እስከ 6 በሚደርስ ነጥብ ለኩ። መደምደሚያቸው ግልጽ ነበር፤ የእንግሊዝን ሕግ የወረሱ አገሮች ባለአክሲዮንን አብልጠው ይጠብቃሉ፣ የፈረንሳይን የወረሱት ግን ከሁሉም ያንሳሉ የሚል ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በዝርዝሩ ውስጥ የተገኘችው ኬንያ ብቻ ናት።

የሥራው ትልቅ ብርታት ድፍረቱና ግልጽነቱ ነው። ነጥቡ ስለተጻፈ ሌላው ሰው ሊፈትሸው ይችላል፤ ተፈትሿልም። ሆልገር ስፓማን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት የየአገሩን የሕግ ባለሙያዎች ጠይቆ ነጥቡን እንደገና ሲሰጥ፣ ከ46 አገሮች የ33ቱ መታረም ነበረበት። በታረመው መለኪያ ላይ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ቤተሰቦች መካከል ተዘርግቶ የነበረው ሰፊ ልዩነት ሊጸና አልቻለም። እንግዲህ ስሕተቱ ከመደመርና ከማካፈል የመጣ አልነበረም፤ ቀድሞ ሕጉን ከማንበብ የመጣ ነበር። አንቀጹ በአገሩ ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚነበብ ሳይታወቅ የተሰጠ ነጥብ፣ የቱንም ያህል በረቀቀ ስሌት ቢታጀብ መሠረቱ አይጠናም።

ሁለተኛው ችግር ከቤተሰቡ አከፋፈል ይነሣል። የኢትዮጵያን ሕግ በየትኛው ዓምድ እንጻፈው? በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፈረንሳዊው የረኔ ዳቪድ ሥራ ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣውን የንግድ ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምሮት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽሞታል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ላይ ግን የእንግሊዝ ሕግ እጅ ይታያል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ ከሕንድ የ1908 ሕግ ብዙ ወስዷል። ስለዚህ አንድ ተከራካሪ መብቱን ከፈረንሳይ በመጣ አስተሳሰብ ይዞ፣ በሕንድ በኩል በመጣ የእንግሊዝ ሥርዓት ይከራከራል። ይህን ሁሉ «የፈረንሳይ» ወይም «የእንግሊዝ» በሚል አንድ ቃል መዝጋት የሕጉን ግማሽ አካል ከቁናው ውጭ ማፍሰስ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉም ይከብዳል። ሰንጠረዡ አይንቀሳቀስም፤ ሕግ ግን ይንቀሳቀሳል። ሱዳን ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ስትመራ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከግብፅ የተቀዳ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጀች፤ በ1973 ሻረችው፤ በ1983 ደግሞ የሸሪዓን ሕጎች አወጀች። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ስትመሠረት የሰሜኑን የእንግሊዝና የደቡቡን የኢጣልያ ሕግ አንድ ላይ ወርሳ፣ በ1973 አዲስ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣች። «የሕግ ምንጭ» የሚል አንድ የማይለወጥ ዓምድ የእነዚህን አገሮች ታሪክ እንዴት አድርጎ ይሸከማል?

ለዚህ ትችት የተሰጠው የተሻለ መልስ የመጣው ከካምብሪጅ ነው። ፕሪያ ሌሌና ማቲያስ ሲምስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የእንግሊዝን፣ የአሜሪካን፣ የጀርመንን፣ የፈረንሳይንና የሕንድን የባለአክሲዮን ጥበቃ ሕግ በ60 መለኪያዎች ከ1970 እስከ 2005 ዓመት በዓመት ተከታተሉ። በአምስቱም አገሮች ጥበቃው እያደገ መምጣቱን፣ ሕጎቹም እየተቀራረቡ መሄዳቸውን አሳዩ፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ቤተሰብ የሚለውን ድንበር ግን አኃዙ አልደገፈውም። ሕግን በጊዜ ውስጥ የሚያይ ቆጠራ ምን ያህል እንደሚያስተምር ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ከታተመ ሕግ ለሚነሣ ማንኛውም ቆጠራ የሚያመልጠው ለውጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። አንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ይላል። ፍርድ ቤቶች በሁለቱ መካከል ሲለያዩ ቆዩ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጥ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆነ፤ ችሎቱም የአንቀጽ 1723ን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ከሕጉ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ በመንደር ወረቀት ቤት የገዛው ሰው ዕጣ ተለወጠ። ጽሑፉን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ግን በዚያ ዓመት ምንም አልሆነም።

ተቃራኒውም አለ። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሻረ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ መንገድ ከፈተ። በአኃዝ ቢጻፍ ለሠላሳ አምስት ዓመት ዜሮ፣ ከዚያ አንድ ይሆናል። ነገር ግን ሽማግሌው በእነዚያ ዓመታት ከዛፉ ጥላ አልተነሣም ነበር። ዜሮው የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ነው።

ይህ ሁሉ የምሁራን ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያወጣው የነበረው ዓመታዊ የንግድ ሥራ ምቹነት ዘገባ ከነላ ፖርታና ሽላይፈር መንገድ የበቀለ ነው። ኢትዮጵያ በ2020ው ዘገባ ከ190 አገሮች 159ኛ ተባለች። ልኬቱ የሚነሣው በአገሪቱ ትልቁ የንግድ ከተማ ካለ አንድ ምናባዊ ኩባንያ ነበርና፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው በአመዛኙ አዲስ አበባ ናት። የጅማው ወይም የጎንደሩ ነጋዴ በቁጥሩ ውስጥ አልነበረም። ሆኖም መንግሥታት በደረጃቸው ተመሰገኑ፣ ተወቀሱ፣ ሕግ ለማሻሻልም ተሯሯጡ። ባንኩ በ2018 እና በ2020 ዘገባዎች አኃዝ ላይ ጉድለት መገኘቱን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ዘገባውን አቋረጠ። ለደረጃው ሲባል የተለወጡ ሕጎች ግን ከዘገባው ጋር አልተሰረዙም፤ ዛሬም በየአገሩ ይሠራሉ።

ከዚህ ተነሥቶ ቆጠራን መጥላት አይገባም። የሚገባው ቁናውን ራሳችን መሥራት ነው፤ ለዚህም እህሉ በጎተራችን አለ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅን በቁጥርና በቀን ይመዘግባል። የሰበር ውሳኔዎች በአማርኛ በተከታታይ ቅጾች ታትመዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ባለው ክፍል ባለጉዳዮች ያደረጉት ዕርቅ በመዝገብ እንዲሰፍር ስለሚፈቅድ፣ የሽማግሌው ሥራ እንኳ በፍርድ ቤት ፋይል ውስጥ ዱካ ትቷል። ችሎቱ የትኛውን አንቀጽ ደጋግሞ እንደተረጎመ፣ ከቀድሞ ትርጉሙ መቼ እንደተመለሰ፣ ስንት መዝገብ በፍርድ ስንት በዕርቅ እንደተዘጋ፣ በየክልሉ የቤተሰብ ሕግ መካከል ምን ልዩነት እንዳለ መቁጠር ይቻላል። ይህ ሥራ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችንንና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቻችንን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ አንቀጹን በተጻፈበት ቋንቋ የሚያነብ፣ ባለጉዳዩ ከችሎት ሲወጣ ምን ይዞ እንደሄደ የሚጠይቅ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቆጠራ እስኪኖረን ድረስ ስለ ሕጋችን የሚነገረውን ደረጃ ስንሰማ ከቁጥሩ በፊት ሰፋሪው ማንን ጠይቆ፣ የትኛውን ገጽ አንብቦ፣ በየትኛው ከተማ ቆሞ እንደሰፈረ እንጠይቅ።