“ስትሸጪያት አትከስሪም!”

የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እንኳን ደስ ያለሽ ተባለ፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ግን ቤቱ በሙሉ የመኪና ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ። እናቷ፣ የእናቷ ጎረቤት፣ የጎረቤቲቱ ባል፣ ከውጭ አገር በስልክ የገባው ወንድሟ… ሁሉም የሚያውቀው መኪና አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው ደላላ አለ።

“ቪትዝ ግዢ!”

“ኧረ ዲኤክስ! ብረት እንደሷ!”

“ያሪስ ነው እንጂ። ቪትዝማ የሁሉ ሰው ሆነች።”

ዝም ብዬ ስሰማ ቆየሁና አንድ ነገር ገረመኝ። ልጅቷ የምትሠራው የት እንደሆነ፣ ማታ መኪናዋን የት እንደምታቆም፣ በአውቶማቲክ ይሁን በማንዋል እንደተማረች፣ ዳገት ላይ ቆማ ስትነሣ እግሯ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። የክርክሩ ሁሉ ማሰሪያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ “ስትሸጪያት አትከስሪም!”

እንግዲህ አስቡት። ገና ያልተገዛች መኪና! ሽማግሌ ሳይላክ ስለ ፍቺው ንብረት ክፍፍል እንደ መነጋገር ማለት እኮ ነው።

እርግጥ ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. በፊት በነበረው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ሞተሩ እስከ 1300 ሲሲ የሆነ የቤት መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ የሆነው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 100 በመቶ ይከፈልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረችው ቪትዝ በትንሿ ሞተሯ ከታችኛው መደብ ገባች። ከተማው በቪትዝ ሲሞላ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ እንደ ሽንኩርት ተደረደረ፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት ሆነች። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። ያለችው መኪና እያረጀች ዋጋዋ እየጨመረ ሄደ። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣች ቀን ዋጋዋ ይወርዳል፤ የኛዋ ቪትዝ ግን ሃያ ዓመት አልፏት ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራለች። “ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?” ያለም አልጠፋም። የዋጋው ነገር ይቅርና ልጅቷ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኬብሉን በመስኮት ትልቀቀው?

እና ብር በየዓመቱ አቅሙ እየደከመ ሲሄድ ያየ ሰው መኪናን እንደ ባንክ ደብተር ቢቆጥር አልፈርድበትም። ነገር ግን የባንክ ደብተር ቁልቁለት አይወርድም። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ዜብራ ላይ ሰው አይገጭም። መኪና ይህን ያደርጋል፤ በተለይ መሪው ላይ የተቀመጠው ለማጅ ሲሆን።

ለማንኛውም ፍለጋው ተጀመረ፤ አጃቢው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ የተዋወቅሁት ከመኪናዎቹ ጋር ሳይሆን ከቋንቋቸው ጋር ነው። “ንጹሕ ናት።” “ሞተሯ ያልተነካ።” “ምንም ወጪ የማትፈልግ።” “ሙሉ ኦሪጅናል።” ከሁሉም የገረመችኝ “በሴት የተያዘች!” የምትለዋ ናት። ጎበዝ! መንገድ ላይ አንድ መኪና ቀስ ሲል ከኋላ ጡሩምባውን እየነፋ “ሴት ናት አይደል?” የሚለው ሰውዬ፣ የራሱን መኪና ለመሸጥ ሲነሣ “በሴት የተያዘች” ብሎ ዋጋ ይጨምርባታል። ሴት ልጅ በገበያው የተመሰገነችውን ያህል በአስፋልቱ ብትመሰገን ምን ነበረበት?

ደላላው ደግሞ ወሬውን ሁሉ የሚያወራው ለኔ ነው። “ፋዘር፣ ይቺን ለልጅዎ ቢይዙላት…” ይላል። ፋዘር የሚይዘው ነገር የለውም! ዕቁቡን ስድስት ዓመት የጣለችው እሷ፣ የባንኩን ብድር የፈረመችው እሷ፣ መንጃ ፈቃዱም የእሷ። እኔ ሽበቴን ይዤ የቆምኩ አጃቢ ነኝ። ሰውዬው ግን ስለ ሞተሩ እኔን ያስረዳኛል፤ እሷን ስለ ቀለሙ ይጠይቃታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ “አለቀ፣ ተገኘች” ተባልን። ሄድን። ብርማ ቀለም፣ ታጥባ የምታበራ ቪትዝ። ባለቤቱ ፀጉራቸው የነጣ የተከበሩ አባት ናቸው። ወንበር ወጣልን፣ ሻይ መጣ። “ልጆቼ ሁሉ ያደጉት በዚች መኪና ነው” አሉን። እኔ ሻዩን ፉት እንዳልኩ ልቤ ገዝቶ ጨረሰ። የእህቴ ልጅ ግን ሻይዋን አስቀምጣ ተነሣችና መዳፏን ኮፈኑ ላይ ጫነች።

“ጋሼ፣ ሞተሩን አስነስተውት ነበር እንዴ?”

“ትንሽ ላሙቃት ብዬ ነው የኔ ልጅ።”

“ቀዝቅዞ ሲነሣ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።”

እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አየሁ። እሷ ቀጠለች። ጎማዎቹ ላይ ጎንበስ ብላ አራት አኃዝ ታነባለች። ለካስ የጎማ የተሠራበት ቀን እዚያ ላይ ይጻፋል፤ “3512” የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ቀጥሎ የፍሬን መርገጫውን ላስቲክ አየች፤ ተበልቶ አልቋል። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ግን ገና የሚድህ ሕፃን ነው የሚመስለው። ከቦርሳዋ ትንሽ ማግኔት አወጣችና በሩን ነካ ነካ አደረገችው። አንድ ቦታ ላይ አልይዝ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

“ጋራዥ ወስደን ብናሳያት ቅር ይልዎታል?” አለች በትሕትና።

ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ። “እኔን ካላመናችሁኝማ… በዚህ ሽበቴ ላታልላችሁ ነው?”

ይኼኔ እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? “ኧረ እንዴት ተደርጎ ጋሼ! እናምንዎታለን እንጂ!” አልኩ። በገዛ አፌ! በሰው ስድስት ዓመት ዕቁብ ላይ!

የእህቴ ልጅ አመስግና፣ እጅ ነስታ፣ ይዛኝ ወጣች። በሩ ላይ ስንደርስ ቀስ ብላ “አጎቴ፣ የፋሲካን በግ ስትገዛ ወገቡን ትዳብስ የለ?” አለችኝ።

እዳብሳለሁ። ወገቡን እዳብሳለሁ፣ ላቱን እመዝናለሁ፣ አፉን ከፍቼ ጥርሱን እቆጥራለሁ። ባለ በጉ “አላመንከኝም” ብሎ ተቀይሞኝ አያውቅም። ሽንኩርት ስንገዛ አንድ በአንድ ነው የምንመርጠው፤ ምስር ስንገዛ ጥቂቱን ጥርሳችን ሥር አድርገን እንሞክራለን። የሚሊዮን ብር ዕቃ ፊት ስንቆም ግን ይሉኝታ አፋችንን ይለጉመዋል። በጉ ቢያታልለን የሚበላሸው አንድ በዓል ነው። መኪናዋ ብታታልለን የሚበላሸው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ አልፈልግም።

ይሉኝታው ደግሞ ለኔ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በወጣትነቴ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ መኪና ገዝቼ ነበር። “ስም ማዞሩ ወጪ ነው፣ በውክልና ያዛት” አለኝ፤ ጓደኛዬ ነው፣ እሺ አልኩ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ባልደረባዬ በድንገት አረፈ። ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮት እንደሚሞት የተማርኩት ከለቅሶው መልስ ነው። ገንዘቡን ከፍዬ የጨረስኩባት መኪና በሊብሬው የሟች ናት፤ ሟች ወራሾች አሉት፤ ወራሾቹ እኔን አያውቁኝም። ያዘነች ሚስት ፊት ቀርቤ “የባልሽ መኪና የኔ ናት” ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የገዛኋትን መኪና በስሜ ለማድረግ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ያን ቀን “ስሙን እናዙረው” ማለት የጓደኛን ልብ መስበር መስሎኝ ነበር፤ ዝም በማለቴ ግን የሚስቱን ልብ በለቅሶዋ ሰበርኩ።

ለዚህ ነው ነገሩ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው። እኛ መኪና ስንገዛ የምናየው ሌላ ሌላውን ነው። ወደፊት የሚገዛንን ሰው እናያለን፤ የሻጩን ፊት እናያለን፤ “ምን ገዛች?” የሚለውን ጎረቤት እናያለን። ሁሉን ሰው አሳፍረን ስንጨርስ መሪው ላይ የምትቀመጠዋን ልጅ አስፋልት ላይ ጥለናት እንሄዳለን።

እሷን ብናይ ኖሮ የምንጠይቀው ሌላ ነበር። መንገዱ ከፊትም ከኋላም በደንብ ይታያታል ወይ? የደህንነት ቀበቶው ይይዛል ወይ? ብዙዎቹ ቪትዞች በግራ ከሚነዳው ከጃፓን ገበያ የወጡ ናቸው። እኛ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ ስለዚህ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ብዙ ናቸው። አንዳንዷ ላይ የዝናብ መጥረጊያው እስከ ዛሬ ነጂው በቀኝ ያለ ስለሚመስለው የግራውን ጥግ ሳይጠርግ ይመለሳል። በሐምሌ ዝናብ ለማጅ ሆኖ ይህን ማወቅ ዘግይቶ ማወቅ ነው። መሪዋን ማን ፈታው? እንዴት ገጠመው? ይህን የሚመልሰው ደላላው ሳይሆን ከሥሯ የተጋደመው መካኒክ ነው።

ወረቀቱም እንዲሁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለባት፣ ከቀረጥ ነጻ ገብታ ቀረጧ ሳይከፈል እንደሆነ ይጣራ። ገንዘቡም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለመኪናዋ አይሰጥም፤ ስም ማዞሪያ አለ፣ ጎማ አለ፣ የፍሬን ሸራ አለ፣ ዘይት አለ። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሌላውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና አይጠግንም፤ ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጋጨው የራሱን መኪና ነው፣ ያውም ከራሱ አጥር ጋር።

የእህቴ ልጅ ከወር በኋላ ገዛች። ምን? ቪትዝ! አዎ፣ ዘመዶቿ ያሉትን። መለዋወጫው ነገር እውነት ነው፤ ለደመወዝተኛ ዕቃው ቅርብ የሆነ መኪና ይሻላል። ግን የሚያበራዋን አይደለም። ቀኝ ጎኗ በአጥር የተጫረ፣ ኮፈኗ በፀሐይ የገረጣ፣ “ንጹሕ ናት” ተብሎ የማይዋሽላት አይነት። ባለቤቷ ወጣት አስተማሪ ነበረች። ገና ስንደርስ “የፊቱ ፍሬን ሸራ አልቋል፣ ዋጋው ላይ አስባችሁ ተነጋገሩኝ። ጋራዥም ወስዳችሁ አሳዩዋት” አለችን። መካኒኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሥሯ አልወጣም። ውሉ ተፈረመ፣ በዚያው ሳምንት ስሙ ዞረ። ሸራውና ሁለቱ ጎማዎች ተቀየሩ። እኔም በዚህ ሁሉ ጊዜ አፌን ዘግቼ ቆምኩ፤ ካደረግሁላት ሁሉ ትልቁ ውለታዬ እሱ ይመስለኛል።

ቤት ስትገባ መኪናዋ ላይ ምርቃት ተደረገ፣ ቡናው እንደገና ተፈላ። እናቷ በረንዳው ላይ ሆና የተጫረውን ጎን ስታይ ቆየችና ከንፈሯን መጠጠች።

“አሁን ይቺ ስትሸጪያት ስንት ታወጣለች?”

“እማዬ፣ ገና ልነዳት እኮ ነው” አለች ልጅቷ፤ “ለማጅ” የሚለውን ወረቀት የኋላው መስተዋት ላይ እየለጠፈች።